ቦንዡር ሳይባል ቡና አይታዘዝም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ሥራስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ጅማ ደህና ነን፣ ዝናቡና ጭቃው ካላስቸገረን በቀር። ሰላምታውን ያስረዘምኩት ወድጄ ነው፣ ምክንያቱን ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ የውጭ ቋንቋ ስለ መማር ባወጣችሁት ጽሑፍ የተነሳ ነው። ጸሐፊው ጥሩ ጽፈዋል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ቦታ ላይ ቋንቋ ማለት ቃላት ማጠራቀም ነው፣ አምስት መቶ ቃል የያዘ ሰው የትም አገር አያፍርም ይላሉ። እኔ አምስት መቶ ቃል ይዤ፣ የትም አገር ሳልሄድ፣ እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ አፍሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና የምሸጥባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ጅማ ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ አንድ ማሰልጠኛ ውስጥ (ስሙን እንተወው) ሦስት ወር ፈረንሳይኛ ተምሬ ሰርተፍኬት ይዣለሁ። ያስተማሩን ግሥ ነበር። ዠ ስዊ፣ ቱ ኤ፣ ኢል ኤ፣ ኑ ሶም፣ ቩ ዜት፣ ኢል ሶን፣ ነኝ፣ ነህ፣ ነው እያልን ማለት ነው። እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። ግማሹ ሰዓት በዚህ ያልቃል፣ ግማሹ ፎቶ ኮፒ ስንጠብቅ። ፈረንሳይ አገር ሰው ሱቅ ሲገባ ምን ይላል፣ ሲጋበዝ ምን ይመልሳል የሚለው ነገር ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልተነሳም። እኛም አልጠየቅንም፣ እውነቱን ለመናገር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ጠና ያሉ ፈረንሳዊት ገቡ። የጅማን ቡና ብለው የሚመጡ ፈረንጆች አሉ፣ አንዳንዶቹ ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተው ሲመለሱ እኔ ጋ ያርፋሉ። "ቦንዡር" አሉ፣ ጤና ይስጥልኝ እንደማለት። የኔ ደስታ ልክ የለውም፣ ያቺ ሰርተፍኬት ሥራ የምትሠራበት ቀን መጣ! ፈጠን ብዬ "ከ ቩሌ ቩ?" አልኳቸው። ምን ይፈልጋሉ ማለት ነው። ግሡ ልክ፣ አንቱታው ልክ። ሴትዮዋ ዝም አሉ። አየት አደረጉኝና ቀስ አድርገው፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ "ቦን... ዡር" አሉ ደግመው። አልሰሙኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ከ ቩሌ ቩ!" ስል ሳቃቸው አመለጣቸው።

በኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በእንግሊዝኛም በምልክትም አስረዱኝ። እነሱ አገር ዳቦ ቤት ስትገቢ፣ ፋርማሲ ስትገቢ፣ አውቶቡስ ስትሳፈሪ ለሾፌሩ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች መሀል ስትቀመጪ፣ መጀመሪያ ቦንዡር ነው። እሱ ሳይባል ጥያቄ አይቀርብም። የዘለለ ሰው ባለጌ ነው፣ ባለሱቁም እንደሳቸው ቦንዡር እያለ ይደጋግምልሃል፣ እስክትመልስ። ሲመሽ ቦንሷር ይሆናል። ስትወጣ ደግሞ መርሲ ብቻ ብሎ መውጣት ጎደሎ ነው፣ "ኦ ሬቯር፣ ቦን ዡርኔ" ይባላል፣ ደህና ሁኑ፣ መልካም ቀን ይሁንላችሁ እንደማለት።

እኔ እኮ ይህን አውቀዋለሁ! በፈረንሳይኛ አይደለም እንጂ። እናቴ ጎረቤት እሳት ልትጭር ስትሄድ እንኳ እንዴት አደራችሁ ሳትል እሳት ጠይቃ አታውቅም። ሰላምታ የእግዜር ነው እያልን አድገን፣ ፈረንሳይኛ ስንማር ግን ያንን እቤት ትተነው ሄድን። ፈረንጅ ሁሉ ጥድፊያ የሚወድ ይመስለናል መሰለኝ። ልዩነቱ ርዝመቱ ላይ ብቻ ነው፣ እነሱ "ሳ ቫ?" (ደህና?) ካሉ መልሱ "ሳ ቫ" ነው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ አይቀጥልም። መሳሳምም አላቸው፣ እንደኛ ጉንጭ በጉንጭ፣ አንዱ አውራጃ ሁለቴ፣ ሌላው ሦስቴ፣ አራትም የሚያደርሱ አሉ። ገና ለተዋወቁት ሰው ግን እጅ መጨበጥ ይበቃል።

የአንቱታው ነገር ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ጅማ ያደገ ልጅ እንግሊዞቹን ይቀድማል ብዬ እከራከራለሁ። እንግሊዝኛ ሁሉንም "ዩ" ብሎ ተገላግሏል። ፈረንሳይኛ ቱ እና ቩ አለው። ቱ አንተም አንቺም ነው፣ ቩ ደግሞ አንቱ። ያው ቩ እናንተም ማለት ነው፣ ለአንድ ትልቅ ሰው የብዙ ሰው ግሥ ታሸክመዋለህ። አማርኛችንም "ይግቡ፣ ይቀመጡ" ሲል ያንኑ ያደርጋል፣ እርስዎ የሚለው ቃል ለብቻው ስለቆመ አይታወቀንም እንጂ። በኦሮምኛ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አቲ አንተ፣ ኢሲን እናንተ፣ ለአንድ ሽማግሌም ኢሲን። ጎረቤቴ ያሉትን አዛውንት ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልተኒ" እላቸዋለሁ፣ አንድ ናቸው፣ ግሡ የብዙ ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት "እንዴ፣ ቩ እኮ ኢሲን ነው!" አለች። አለቀ። እኔ ሳምንት የፈጀሁበትን እሷ በአንድ ስኒ ቡና ጨረሰችው።

እነሱ ራሱን የቻለ ግሥ አላቸው፣ ቱቷዬ ማለት አንተ ማለት፣ ቩቯዬ ማለት አንቱ ማለት። ወጣቶች እርስ በርስ ወዲያው ቱ ይባባላሉ፣ ሥራ ቦታም ባልደረባ ለባልደረባ በብዛት እንደዚያው ነው። ባለሱቅን፣ ፖሊስን፣ የማታውቀውን ትልቅ ሰው ግን ቩ። ከቩ ወደ ቱ የሚያወርደው ትልቁ ሰው ነው፣ ታናሹ ቀድሞ ከወረደ ያስከፋል። አንድ የሚያስቅ ነገር፣ እሳቸው የሚባል ቃል የላቸውም። ስለ አያትህ ስታወራ "ኤል" ነው፣ እሷ። ልጄ "አያቴን እሷ ልላት ነው?" ብላ አኮረፈች። እግዜርን ግን እነሱም እንደኛ አንተ ነው የሚሉት። አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር እንደምንለው እነሱም በጸሎታቸው በቱ ነው የሚጠሩት።

ድምፁ ላይ የኛ ሰው በከንቱ ይፈራል። ከወንድ ቃል ፊት የምትቆመዋን ለ ተመልከቱ፣ "ለ ካፌ" ሲሉ ያቺ ለ የኛዋ የሀ ሁ ሂ ለ ናት ማለት ይቻላል። "ደ" ደግሞ ደ። የሻምፓኝ ኝ በፊደላችን አለች፣ የቦንዡር ዡም አለች፣ ሌላው ስንት ዓመት የሚለፋባት። የሌለችን የ"ቱ" ድምፅ ነች። አጻጻፋችን ቱ ይበላት እንጂ ኡ አይደለችም። ኢ እያላችሁ ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደምታሾሉ አሹሉት፣ የሚወጣው እሱ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ላይ እና ታች የሚሉት ሁለት ቃላት በፊደላችን ቢጻፉ ሁለቱም "ደሱ" ናቸው፣ የሚለያቸው ይቺ ድምፅ ብቻ ናት፣ እኔም ሴትዮዋ ረከቦቱ ላይ ያሉትን መነጽር ሁለቴ ረከቦቱ ስር ጎንበስ ብዬ ፈልጌያለሁ። ስለዚህ ፈረንሳይኛን በአማርኛ ፊደል እየጻፋችሁ የምትሸመድዱ ልጆች (እኔም አንዷ ነበርኩ) መጀመሪያ በጆሮ ስሙ። ደግሞ የሚጽፉትን ሁሉ አያነቡም፣ መጨረሻ ያለው ፊደል ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ ፓሪስን ራሱ "ፓሪ" ነው የሚሉት።

ጾታው ያናድዳል፣ እሱን አልደብቅም። ሁሉም ዕቃ ወንድ ወይም ሴት ነው። እኛም ጋ አለ፣ ግን የኛ እንደ ስሜታችን ነው፣ ቤቱ ብለን ስንወዳት ቤቷ እንላለን፣ ማንም አይቆጣንም። እነሱ ጋ ቤት ሁልጊዜ ሴት ናት፣ ብትወዳትም ብትጠላትም። ወንበር ሴት፣ በርጩማ ወንድ! የጅማ በርጩማ ሲሠራ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል። የኔ ዘዴ ቃሉን ብቻውን አለመያዝ ነው፣ ወንዱን ከነ ለ፣ ሴቷን ከነ ላ መያዝ። ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው ለገሃር ትበቃለች። ለገሃር ማለት "ላ ጋር" ነው፣ የባቡር ጣቢያው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ስሙን ይዞ ገባ፣ አባቶቻችን ላ የምትለዋን አብረው ስለያዟት ጋር የሴት እንደሆነች ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይማር ያውቃል። ቢሮም ከነሱ ነው። ጋራዥ፣ ሾፌር፣ አሳንሰርም እንዲሁ። አምስት መቶ ቃል ያሉት ጸሐፊ ከነዚህ ቢጀምሩልን ጥሩ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት እኮ የቤተ መንግሥቱ የውጭ ደብዳቤም የባቡሩም ሥራ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ነበር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በደንብ ይናገሩት ነበር፣ እንግሊዝኛ ቦታውን የወሰደው ከድሉ በኋላ ነው።

ወደ ቡናው ልመለስ፣ እንጀራዬ ስለሆነ። ካፌ በፈረንሳይኛ መጠጡም ነው፣ ቤቱም ነው። እኛ ያንን በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሰን ቡና ቤት ብንል ሰው ቢራና ድራፍት ይጠብቃል። የሚገርመው የነሱም ካፌ ወይንም ቢራም ይሸጣል፣ ስለዚህ የኛ ቡና ቤት በስሙ ብቻ ሳይሆን በግብሩም ይገጥማል። "አን ካፌ" ብለህ ካዘዝክ የሚመጣልህ ትንሽ ስኒ ጥቁር ቡና ነው፣ ወተት ከፈለግክ ለይተህ ተናገር። ብዙ ቦታ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል። ምሳ ከሆነ ደግሞ ቡናው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጣፋጩ ካለቀ በኋላ። እና አንድ ስኒ ነው፣ በቃ።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት። ሴትዮዋ አቦሉን ጠጡ። ቶናውን ልቅዳ ስል "መርሲ" አሉ። አመሰገኑኝ ብዬ ቀዳሁ። እጃቸውን ስኒው ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ትንሽ ቀረ እንጂ ይቃጠሉ ነበር። ለካ ሲቀርብልህ መርሲ ብቻ ካልክ፣ በተለይ እጅህን ወይ ራስህን ካወዛወዝክ፣ አይ ይቅርብኝ ማለትህ ነው። የምትፈልግ ከሆነ "ዊ፣ መርሲ" ወይም "አቬክ ፕሌዚር" ትላለህ፣ በደስታ እንደማለት። ይህን ማሰልጠኛው ውስጥ ማን ነገረኝ? የመርሲን ትርጉም ግን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

ደግሞ በሞቴ የሚለው ነገር የላቸውም። አንዴ አይ ካለ አይ ነው፣ ሁለተኛ መጠየቅ ይቻላል፣ ሦስተኛው ማስጨነቅ ነው። እኛ ደግሞ ሦስቴ ካልለመኑን አንበላም፣ ስለዚህ የኛ ልጅ ፓሪስ ሄዶ በይሉኝታ አይ ብሎ ተርቦ ያድራል። ሳህናቸውም የየራሳቸው ነው፣ ጉርሻ አይጠበቅም። እጅ ግን ጠረጴዛው ላይ መታየት አለበት፣ ጭን ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው። ዳቦው ሳህን ላይ ሳይሆን የጠረጴዛው ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ ያ ረጅሙ ባጌት ማለቴ ነው፣ አሠራሩና ባህሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ የመዘገበው። ከዳቦ ቤት ሲወጡ ጫፉን እየገመጡ መሄድ የተለመደ ነው፣ ልክ ልጅ ሆነን ተልከን ስንመለስ እንደምናደርገው፣ እነሱን ግን ማንም አይገርፋቸውም።

ለሴትዮዋ ሦስተኛው ስኒ በረካ እንደሚባል፣ በረካም ምርቃት እንደሆነ ስነግራቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ጠጡት። እሳቸውን ያስቀመጠልኝ ግሥ አይደለም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ሴትዮዋን ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይምጡ፣ ቡና ሲቆላ ያያሉ ማለት ፈልጌ "ትሯ ዘር" አልኳቸው። ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ፣ ቀረ። እሳቸው ከምሳ በኋላ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈገግ ብለው ከተፍ አሉ። የኛ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት የነሱ "ነቭ ኧር" ነው፣ ዘጠኝ። ማታ ሲሆን ደግሞ በ24 ነው የሚቆጥሩት፣ የኛ ማታ ሁለት ሰዓት ሃያ ሰዓት ይሆናል። እራት በሃያ ሰዓት ሰው ቤት ከተጠራችሁ ደግሞ ልክ በሰዓቱ ማንኳኳት አይወደድም፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ለባለቤቲቱ መተው ደግ ነው፣ "የጨዋነት ሩብ ሰዓት" ይሉታል። ይህን ያነበበ ሁሉ የሐበሻ ቀጠሮ ፈረንሳይም አለ ብሎ እንዳይደሰት። ሩብ ሰዓት ነው ያልኩት።

ቁጥሩስ? እስከ ስልሳ ድረስ እንደ ሰው ይቆጥራሉ። ሰባ ሲደርሱ "ስልሳ አሥር" ይላሉ። ሰማንያ "አራት ሃያ" ነው፣ ዘጠና "አራት ሃያ አሥር"። ሂሳቡ 95 ብር ሲሆን "ካትር ቫን ካንዝ" ማለት ነበረብኝ፣ አራት ሃያ አሥራ አምስት፣ እስካስበው ድረስ ሴትዮዋ መቶ ብር አስቀምጠው ተነሱ። ቤልጅግና ስዊዘርላንድ ያሉት ለሰባና ለዘጠና ቀላል ቃል አላቸው አሉ፣ እነሱ ጋ በሄድኩ።

አሁን ልመናዬ። ጋዜጣችሁ ላይ በሳምንት አንድ ጠባብ አምድ ስጡን። ሰዋስው አልጠላሁም፣ ግሥም ይኑር፣ ግን ከአንድ ልማድ ጋር ተጣምሮ ይምጣ፣ የዳቦ ቤቱ ሰላምታ፣ የስልኩ አነጋገር (ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረጉ ነው የሚያነቡት፣ ያ አራት ሃያ ቀልድ እዚያም ይጠብቃችኋል)፣ ግብዣው፣ ሐኪም ቤቱ። ለአዲስ አበባ ልጅ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የሚባል የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ አለለት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው። ከጅማ እዚያ ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለሁለት ሰዓት ትምህርት ማን ይመላለሳል። የኔ ልጅ አሁን የምትማረው በስልኳ ነው፣ አር ኤፍ ኢ የሚባለው የፈረንሳይ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያነበውን የአሥር ደቂቃ ዜና ትሰማለች፣ ቴቬ ሳንክ ሞንድ የሚባለው ቴሌቪዥንም በነፃ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ጥሩ ናቸው። ግን ከኛ ኑሮ ጋር አያስተያዩላትም፣ ቩ ኢሲን ነው የሚላት የለም። ፈረንሳይኛ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢነሳ ደግሞ ጎረቤታችን ጅቡቲ በምን ቋንቋ ትሠራለች በሉልኝ፣ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥስ ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ምንድን ነው?

ደብዳቤው ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ቦታ ካጠረባችሁ የቁጥሩን ቁረጡት፣ የጾታውንም ብትፈልጉ። ላይኛዋን ሰላምታ ግን አትንኩብኝ።

አክባሪያችሁ፣
ቡና አፍይዋ አንባቢያችሁ
ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ